«በሳምንት ስንቴ ላጠጣው?» የሚለው ጥያቄ ይቅር

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ ተንጠልጣይ ሐረግ ወይም ቅጠሉ የወፈረ ሰኩለንት የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ሳይጠይቅ አይሄድም። «በሳምንት ስንቴ ላጠጣው?» ይላል። ሻጩም መልስ አያጣም። አንዱ «ሁለቴ ይበቃዋል» ይላል፤ ሌላው «በየሦስት ቀኑ» ይላል፤ ጠንቃቃው ደግሞ «በሳምንት አንዴ፣ አንድ የቡና ሲኒ» ብሎ ልኩን ጭምር ይናገራል። ጠያቂውም መላሹም በቅን ልብ ነው የሚነጋገሩት። ስሕተቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ጥያቄው እስካልተለወጠ ድረስ መልሱ ሁለትም ይሁን ሰባት ተክሉን አያድነውም።

ልማዱ የመጣው አትክልት መንከባከብ ማለት ውኃ ማጠጣት ነው ከሚል ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ነው። ደጅ ላይ ለተተከለ ጎመንና ሰላጣ አስተሳሰቡ ብዙም ክፋት የለውም። መሬቱ ጥልቅ ነው፣ ፀሐዩ ያገኘዋል፣ ነፋሱ ያደርቀዋል፤ ማታ የጠጣው በማግስቱ ያልቃል። ያንኑ ልማድ እንዳለ ይዞ ሳሎን መግባት ግን ጉዳት አለው። ሳሎን የገባው ተክል ሲጠወልግ ከቤተሰቡ የሚሰማው ፍርድ ሁለት ነው፤ ወይ «ማን ረሳው?» ይባላል፣ ወይ ባለቤቲቱ «እኔ እንደሆን እጄ ለአትክልት አይሆንም» ብላ እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች። ሁለቱም ፍርድ ልክ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ አልተረሳም፤ የሴትዮዋም እጅ ምንም አልጎደለው። ተክሉ የሞተው ሥሩ አየር አጥቶ ነው።

ሥር ይተነፍሳል። ኦክሲጅን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ሲሆን፣ ውኃ ሲፈስ እነዚያ ክፍተቶች ይሞላሉ። ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ አፈሩ ረጥቦ በቆየ ቁጥር ሥሩ ይታፈናል። የታፈነው ሥር መሞት ይጀምራል፤ እርጥበት የሚስማማቸው ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ የተባሉ ሥር አበስባሽ ተሕዋስያንም ይረባረቡበታል። ሰውን የሚያሳስተው ከዚህ በኋላ የሚታየው ነው። ሥሩ የበሰበሰ ተክል እርጥብ አፈር ላይ ተቀምጦ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይለመልም የነበረው ጫፉ ይደፋል፤ ላየው ሰው የተጠማ ይመስላል። ባለቤቱ ደንግጦ ውኃ ይጨምራል። ብዙ ሳይቆይ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይጠቁራል፤ በጣት ሲነካ ይልማል፣ ሽታውም ይለወጣል። «ውኃ እያጠጣሁት ደረቀ» የሚለው እሮሮ በየቤቱ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

የውኃው ብዛት ብቻውን ጥፋተኛ ነው ማለት ግን አይደለም። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል በጋራ ባዘጋጁት መጽሐፍ ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነውና የዕፅዋት ተመራማሪዎች አሎ ደብራና የሚሉት እሬት በደብረ ብርሃን አካባቢ ባለው የሸዋ ደጋ ይገኛል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድበት ይከርማል፤ መስከረም ሲጠባም እዚያው ቆሞ ይታያል። የበቀለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ስስ ሆኖ በተነጠፈ ተዳፋት አፈር ላይ ስለሆነ ዝናቡ ሥሩን አርሶ ያልፋል፤ የቀረውን ነፋሱና በደመና መካከል ብቅ የምትለው ፀሐይ ይወስዱታል። የዚሁ እሬት ዘመድ ሳሎን ውስጥ፣ ቀዳዳ በሌለው ዕቃ፣ በሳምንት ሁለት ሲኒ ብቻ እየጠጣ ይበሰብሳል። ደጋው ላይ የወረደው ውኃ ከሲኒው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ልዩነቱ ውኃው ሥሩ ዘንድ የሚቆይበት ጊዜ ላይ ነው፤ ያንን ጊዜ የሚወስኑት ደግሞ ዕቃው፣ አፈሩና ብርሃኑ ናቸው። ስለ ሦስቱ ምንም ሳይጠይቁ «በሳምንት ሁለቴ» ማለት በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ሰኩለንቶች ለውኃ የማይቸኩሉበት የራሳቸው ምክንያትም አላቸው። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ በህንድ የኖረ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1815 በታተመ ደብዳቤው፣ የአንዲት የካላንቾ ዝርያ ቅጠል ጠዋት ሲቀመስ እንደሚኮመጥጥ፣ ቀን እየገፋ ሲሄድ ግን ኮምጣጣነቱ እንደሚጠፋ ጻፈ። ምክንያቱ በሚገባ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እነዚህ ተክሎች የቅጠላቸውን የመተንፈሻ ቀዳዳ የሚከፍቱት በቀዝቃዛው ሌሊት ነው፤ ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ ያጠራቅሙና ቀን ቀዳዳቸውን ዘግተው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩበታል። በዚህ ዘዴ ወደ አየር የሚያመልጥባቸው ውኃ እጅግ ይቀንሳል። ሄይን የቀመሳት ተክል ከአገራችን እንዳሁላ ጋር የአንድ ወገን ናት። ማለዳ የእንዳሁላን ቅጠል ጠንካራና ሙሉ ሆኖ የሚያይ ሰው ያ ቅጠል ውኃ ያከማቸ ጎተራው መሆኑን ይረዳ። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚጨመረው ውኃ የሚሄድበት የለውም፤ አፈር ውስጥ ይቀራል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ለጌጥ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አብዛኛው ከሥሩ አልተበሳም፤ ሰው ደግሞ ውበቱን አይቶ ይገዛዋል። ከእሱ ይልቅ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይሻላል፤ ቢያንስ በጋለ ሚስማር ይበሳል። ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ውስጥ ለተተከለ ሰኩለንት ትክክለኛ የውኃ መጠን የሚባል ነገር የለም። አንዳንዱ ይህን ችግር በብልሃት ያለፈ መስሎት ከታች ጠጠር ይደለድላል፤ ምክሩም ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ እስከ ዛሬ አለ። አፈርና ውኃ ግን ምክሩን አይሰሙም። ደቃቅ አፈር የያዘውን ውኃ ወደ ጠጠሩ የሚለቀው ራሱ ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ የሚያደርገው ረግረጉን ከዕቃው ሥር አንሥቶ ወደ ተክሉ ሥር ማስጠጋት ብቻ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአትክልት ሳይንስ ባለሙያዋ ሊንዳ ቻልከር-ስኮት ይህንን ምክር ለዓመታት ሲሞግቱት ኖረዋል። ጠጠር ቀዳዳን አይተካም።

አፈር ላይ ሲደረስ ደግሞ ገበሬው ከከተሜው ርቆ ይገኛል። የአድአና የሰሜን ሸዋ ገበሬ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ቋጥሮ ሰብል እንደሚያሳጣ ከአባቱ ተምሯል። ስለዚህ ቦይ እያወጣ ማሳውን ያጠነፍፋል፤ አለዚያም ዝናቡ እስኪቀንስ ታግሦ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ከተሜው ግን ያንኑ ጥቁር አፈር ቤት ከሚሠራበት ቦታ በፌስታል ያመጣና ፍግ ቀላቅሎ ሰኩለንት ይተክልበታል። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውኃውም ከዕቃው ግድግዳና ከአፈሩ መካከል ሾልኮ ሲፈስ ባለቤቱ «ጠጣ» ብሎ ያምናል።

የሚያስቆጨው መፍትሔው አገር ውስጥ ሞልቶ መትረፉ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የሰኩለንት ወዳጆች ፑሚስ የተባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በትንንሽ ከረጢት እየገዙ ከአፈራቸው ጋር ይቀላቅላሉ። እዚህ ፑሚስና ቀይ አሽ በቢሾፍቱና በአዳማ አካባቢ እየተዛቁ ለብሎኬትና ለመንገድ ሥራ በገልባጭ መኪና ይጫናሉ። ብሎኬት ከሚመረትበት ግቢ የሚገኝ አንድ ጆንያ ለብዙ ማሰሮ ይበቃል። በወንፊት ተነፍቶ ዱቄቱ ይወገድ፤ የባቄላና የአተር ያህሉ ይያዝ፤ ከለም አፈር ጋር ግማሽ በግማሽ ይደባለቅ። በዚህ ድብልቅ ውስጥ የፈሰሰ ውኃ ወዲያው ከሥር ሲወርድ በዓይን ይታያል። ለፖቶስና ለሌሎቹ ሐረጎች ግን ለም አፈሩ ትንሽ ቢበዛ ይመረጣል።

ብርሃን ከሁሉም ይልቅ የተናቀው ነው። የሰው ዓይን ከጨለማ ጋር ቶሎ ስለሚላመድ ሳሎኑ ብሩህ ይመስለዋል። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደጅ የሚወርደው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል፤ አምፖል በበራበት ሳሎን ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ነው። በየቤቱ ተክል የሚቀመጠው የት ነው? ቡፌ ላይ፣ ቴሌቪዥን አጠገብ፣ ቀኑን ሙሉ በማይከፈት ወፍራም መጋረጃ ጥላ ሥር። ብርሃን ያነሰው ተክል ምግብ የሚሠራው በዝግታ ነው፤ ውኃም የሚጠጣው በዝግታ ነው። በረንዳ ላይ በጥቂት ቀን የሚደርቅ ማሰሮ ቡፌ ላይ ሳምንታት እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱ ማሰሮዎች አንድ ዓይነት ተክል፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ባለቤት ኖሯቸው እንኳ በአንድ ፕሮግራም መጠጣት አይችሉም።

ሻጮች ስትሪንግ ኦፍ ፐርልስ የሚሉትን ተክል እንውሰድ። አተር የሚያካክሉ ክብ ቅጠሎቹ በቀጭን ሐረግ ላይ ተደርድረው ከማሰሮው አፍ ይወርዳሉ፤ ፎቶው ስለሚያምር ብዙ ሰው ይመኘዋል። እያንዳንዱን ቅጠል አስጠግቶ ያየ ሰው በጎኑ ላይ ከቀረው አረንጓዴ ይልቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ያገኛል። መስመሩ ብርሃን ወደ ቅጠሉ ሆድ የሚገባበት መስኮት ነው። የተክሉ አገር ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እዚያ የሚኖረውም ተንጠልጥሎ ሳይሆን በቁጥቋጦና በድንጋይ ጥላ ሥር መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ በሄደበት ሁሉ አዲስ ሥር እየሰደደ ነው። ሳሎን ውስጥ ግን ከኮርኒስ ጋር ተጠግቶ፣ ከመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ በላይ ይሰቀላል። የተንጠለጠለው ጭራው ብርሃን ሲያገኝ ማሰሮው ውስጥ ያለው አናቱ ጨለማ ይውጠዋል፤ አፈሩም አይደርቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ አናቱ ይመለጣል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ «ውኃ አነሰው» ይልና ይጨምርለታል። የሚያስፈልገው ግን ማሰሮውን አናቱ ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ ዝቅ አድርጎ መስቀል፣ ከረዘመው ጭራ ቆርጦም በመላጣው ቦታ ላይ አስተኝቶ መትከል ነው።

የቀን መቁጠሪያው ሌላ ጉዳትም አለው፤ የሰው አገር መሆኑ። በስልክ የሚታየው አብዛኛው የእንክብካቤ ምክር የተዘጋጀው ቀኑ በታኅሣሥ ከስምንት ሰዓት ለሚያንስበት ለንደንና እሱን ለመሰሉ ከተሞች ነው። «በዲሴምበርና በጃንዋሪ ተክሉ ያርፋል፣ ውኃ ቀንሱ» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥና ጥር ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ሆኖ ሰማዩ የጠራ፣ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩም ጠንካራ የሚሆንባቸው ወራት ናቸው። በረንዳ ላይ ያለ ማሰሮ ቶሎ የሚደርቀው ያኔ ነው። አፈሩ የማይደርቅበት ወቅት ደግሞ ክረምቱ ነው፤ ደመናው ብርሃኑን ይሸፍናል፣ እርጥበቱም ከቤት አይወጣም። ምክሩን እንደ ወረደ የሚከተል ሰው በበጋ ያስጠማል፣ በክረምት ያሰጥማል።

«ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ይመረጣል» የሚለውም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በእነዚያ ወራት የኮንዶሚኒየሙ ደቡባዊ መስኮት የእኩለ ቀን ፀሐይ አያገኝም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ያው መስኮት ስለሚነድ፣ ጥላ የለመደ ተክል እዚያ በድንገት ቢቀመጥ ቅጠሉ ይቃጠላል። ውጭ አገር ላለው ወገንም ቢሆን ቁጥሩ አይሠራም፤ ሚኒሶታ ያለ ቤት መስኮቱ ላይ ያስቀመጠው እሬት በሐምሌ የሚጠጣውን በጥር አይጠጣም።

አዲስ አበባ የራሷ የሆነ ሌላ የቀን መቁጠሪያም አላት፤ የውኃ ፈረቃ። ውኃ በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ በዚያው ደግሞ አበባው ሁሉ ይጠጣል። የሕዝቡ ችግር እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊወቀስበት አይገባም። ሆኖም ቅጠሉ ውስጥ ውኃ የሚያከማች ተክል የሚቀጥለውን ፈረቃ ያለ ምንም ጉዳት ሊጠብቅ ይችላል። ውኃ ለሚቸገር ቤት ከሰኩለንት የበለጠ የሚስማማ ተክል አይገኝም፤ በፈረቃው ቀን ሁሉ ካላጠጡት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉ ከተሞች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በአካባቢው ብዙ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ክሎሮፊተም፣ ማለትም ስፓይደር ፕላንት የሚባለው ባለ ነጭ መስመር ተክል፣ ፍሎራይድ አይስማማውም፤ የቅጠሉ ጫፍ ይከስላል። እሱንም ሰው እንደ ጥማት ቆጥሮ ያንኑ ውኃ ይጨምርለታል።

የቀን ቀጠሮን የሚደግፉ ሰዎች ሁለት መከራከሪያ አላቸው፤ ሁለቱም ሊሰሙ ይገባል። የመጀመሪያው ጀማሪ ሰው የሚይዘው ቁጥር ይፈልጋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቀጠሮ ከሌለ ይረሳል። ቀጠሮው ግን ለማየት ይሁን፤ ቅዳሜ ጠዋት ማሰሮዎቹ ሁሉ ይታዩ፣ ይነሡ፣ ይዳሰሱ፤ የደረቀው ይጠጣ፣ ያልደረቀው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆይ። ሁለተኛው ጥማትም ይገድላል የሚለው ነው። ይገድላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ጉዳቶች እኩል አይደሉም። የተጠማ ሰኩለንት ቅጠሉ ይሸበሸባል፣ ይሳሳል፤ ውኃ ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ይሞላል። ሥሩ የበሰበሰው ግን በውኃም በማዳበሪያም አይመለስም። የሚተርፈው ጤነኛ ጫፉ ተቆርጦ፣ ቁስሉ ለጥቂት ቀናት በጥላ ደርቆ፣ በአዲስ አፈር እንደገና ከተተከለ ብቻ ነው። መሳሳት ካልቀረ በሚመለሰው በኩል መሳሳት ይሻላል።

«ትንሽ ትንሽ እያደረጉ መስጠት» የሚለው የማስታረቂያ ሐሳብም አያዋጣም። በማንኪያ ወይም በሲኒ ጠብ የሚደረግ ውኃ ላዩን ብቻ ያርሳል፤ ታች ያለው ሥር ይደርቃል፣ የውኃው ጨውም በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ዝናብ ሲዘንብ ተራራው ላይ ያለው እሬት በማንኪያ አይደለም የሚጠጣው። ሲጠጣ ይጠጣ፤ ውኃው ከሥር እስኪወርድ ድረስ ይፍሰስለት፤ ሰሐኑ ላይ የተጠራቀመው ይደፋ። ከዚያ በኋላ እጅ ይሰብሰብ።

መቼ እንደገና እንደሚጠጣ የሚናገረው ተክሉና ማሰሮው ነው። ገና የጠጣ ማሰሮ ሲያነሡት ይከብዳል፤ ሲደርቅ የክብደቱ ለውጥ ለማንም እጅ ይሰማል። ቀጭን ስንጥር እስከ ታች ተሰክቶ ሲወጣ አፈር ከያዘ እርጥበት አለ፤ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርቋል። የእሬት ቅጠል ሲጠማ ይሳሳል፣ ወደ ውስጥም ይጠቀለላል። የስትሪንግ ኦፍ ፐርልስ ክቦች ይጨማደዳሉ፣ ያ መስኮት የሆነው መስመርም ይጠባል። ፖቶስ ከሁሉም ግልጽ ነው፤ ቅጠሎቹን በሙሉ ወደ ታች ያዘነብልና ውኃ ሲያገኝ በዚያው ቀን ይነሣል። ቢጫ ሆኖ፣ ውስጡ ውኃ አቁሮ፣ ገና ሲነኩት የሚረግፍ ቅጠል ግን ጠግቦ እየሞተ ነው፤ ለዚያ ተክል ውኃ ማምጣት ያለቀለትን ማፋጠን ነው።

ችግኝ ሻጮችም እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። ገዢው «በሳምንት ስንቴ?» ሲል «የት ልታስቀምጠው ነው? በምን ዕቃ?» ብለው ቢመልሱ፣ ከሚሸጡት ሴራሚክም ያልተበሳውን ቢበሱ፣ ብዙ ተክል ይተርፋል። አንባቢም የሻጩን ለውጥ መጠበቅ የለበትም። ዛሬውኑ ቡፌው ላይ ያለውን ማሰሮ አንሥቶ ከሥሩ ይመልከት፤ ቀዳዳ ከሌለው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይብሳው፣ የማይበሳ ከሆነም ተክሉን ወደሚበሳ ዕቃ ያዛውረው፤ ከዚያም ከመስኮቱ አጠገብ ያስቀምጠው።